ባለላሟ ምስክር

የምኖርባት ከተማ ስሟ ሻፋ ነው። ሻፋ በወላይትኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ከተማችን ግን ወንዝ የላትም። ከሶዶ በሚኒባስ መጥቶ እዚህ የሚወርድ ሰው የሚያገኘው አንድ አስፋልት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚቆም ገበያ፣ ሁለት ወፍጮ ቤት፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያንና ከሚያስፈልገው በላይ ባጃጅ ነው። እኔ ይህችን ከተማ መጠርጠር የጀመርኩት ገና ከስሟ ነው።

ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቀያሽ ማለት ሁለት ጎረቤታሞች አጥር ላይ ቆመው ሲማማሉ ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ፣ አንዳንዴም ሁለቱም እንደሚዋሹ እያወቀ ሜትሩን የሚዘረጋ ሰው ነው። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ጥርጣሬዬ እስካሁን በሥራ ላይ ነው። ስኳር ስገዛ ከሻጩ ፊት ይልቅ ሚዛኑን አያለሁ። እሑድ መዘምራኑ ሲቆሙ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ያመልካል፣ እኔ የሰልፋቸውን መጣመም እለካለሁ።

ባለፈው ጥር ከማዘጋጃ ቤቱ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። «የከተማችንን ታሪክና መልክ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ እንዲያዘጋጁልን በአክብሮት እንጠይቃለን» ይላል። ሁለት ጊዜ አንብቤ ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።

«ደግሞ ከጀርባው ምን ትፈልጋለህ?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ላማችንን ውሃ ልታጠጣ እየወጣች።

«ነገር።»

«ሰው ሲያከብርህም ነገር ነው?»

«በጡረታ ያለ ሰው በጥር ወር በድንገት አይከበርም» አልኳት።

ነገሩንም ሳምንት ሳይሞላ አገኘሁት። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ እንዴት እንዲህ ያለ ሰው እንደሆንኩ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ሶዶ ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ፣ ሜትር ጎታች ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜ አንድ ጫማ ገዝታ አለቀች። ስለ ደመወዝ የምለው ይኸው ነው። ዋናው ቀያሽ ከመንዝ ተመድበው መጥተው ሶዶ ላይ የቀሩ፣ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ ረጅም ሰው ነበሩ። ወላይትኛን በሃያ ዓመት ውስጥ ከእኔ እኩል ሰምተው ያውቁ ነበር፣ ግን አንድም ቀን አይናገሩትም። «የማይገባኝ እየመሰላቸው ፊቴ ያወሩልኛል» ይሉኝ ነበር።

ጋሽ ተክሌ ለክርክር ቦታ ሲሄዱ ውሃቸውን በኮዳ፣ ቆሏቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው። ከከሳሽም ከተከሳሽም ቤት አንድ ጉርሻ አይቀምሱም። ሰው ይቀየማል፤ እሳቸው ግድ የላቸውም። ቦታው ላይ ሲደርሱ ሜትሩን እኔ ጋ ትተው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። እንሰት ድንበር ላይ ተተክሎ ካዩ አያምኑትም። እንሰት በየጊዜው እየተነቀለ የሚተከል ነገር ነው፣ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይዋሻል። ኮርች የሚባለውን ዛፍ ካዩ ግን ጎንበስ ብለው ግንዱን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ዕድሜውን ይገምታሉ። ቀትር ላይ አይለኩም፣ የብረት ሜትር በፀሐይ ይረዝማል። አንዱን ጎን ከለኩ በኋላ ከወዲያ ጫፍ ወደዚህ እንደገና ይለኩታል። ሁለቱ ካልተስማሙ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው። ምስክሮቹን አንድ በአንድ ራቅ አድርገው ያስቀምጡና ስለ ድንበሩ እንደዋዛ ይጠይቃሉ። ምስክሩ ያጠናውን ያወርድላቸዋል። ሲጨርስ፣ ሊሄዱ የተነሡ መስለው፣ «ለመሆኑ ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ጋ ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል?» ይላሉ።

«ስለ ድንበር ስትጠይቀው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቅህ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ አንድ ቀን ተበላ ከምትባል ከተማ ስንመለስ። «ስለ ውሃ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ግን የለም። ቦታው የሱ ከሆነ በስንት ዝናብ ቦይ ሲቀድ ኖሯል፣ ይነግርሃል። የሱ ካልሆነ አፉን ይከፍታል።» በዚያ ቀን ሁለት ወንድማማቾች ተከራክረው፣ ታላቅየው በሦስት ሽማግሌ ምስክር ሊረታ ሲል በዚህች ጥያቄ አፉን ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። ታናሽየው ግን ውሃው የሚያመጣውን የድንጋይ ዓይነት ሳይቀር ተናገረ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉ ነበር ጋሽ ተክሌ። እኔ ከሳቸው የተማርኩት ይህችኛዋን ነበር። ሌላውን፣ መልሱን ማዳመጥን፣ ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ከሶዶ ተበላ፣ ከተበላ ዲምቱ፣ ከዚያ ሻንቶ ተመደብኩ። አለቆቼ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ካርታ ገልብጦ ይዞ ያጸድቅ ነበር፣ ሌላው ፊርማውን እንደ ታቦት ይሸሽግ ነበር። በየሄድኩበት ቆሎዬን ይዤ እዞራለሁ፣ ሰው ይቀየመኛል፣ እኔም ጥሩ ቀያሽ የሆንኩ ይመስለኛል። ጋሽ ተክሌ ባረፉ በሁለተኛው ዓመት የሻፋ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ሆኜ መጣሁ።

እንግዲህ የተጠየቅኩት የከተማ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። እንደመጣሁ ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት ሽማግሌዎችን ጠየቅኩ። አንደኛው፣ ዝንጅብል ጭነው ወደ ቆላ የሚወርዱ ነጋዴዎች እዚህ ያርፉ ስለነበር ያሳደሯቸው የኔ አያት ናቸው አሉኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ወፍጮ ያመጣው አባቴ ነው አሉ። ሦስተኛው የመጀመሪያው ጸሎት ቤት በአባቴ ጓሮ ነው የተሠራው አሉ። ሦስቱም የአስፋልት ዳር ቦታ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ስለዚህ ሦስቱንም አላመንኳቸውም። በሦስቱም ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበር። ነጋዴዎቹም ወፍጮውም ጸሎት ቤቱም ከዱቡሻው ወዲያና ወዲህ ነው የሠፈሩት፣ መሀሉ ላይ ማንም የለም። ያኔ ይህን ልብ አላልኩትም።

ዱቡሻ በወላይታ ለቅሶ የሚዋልበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ የማንም ያልሆነ የሁሉም የሆነ ሣር ሜዳ ነው። የሻፋ ዱቡሻ ከኮረብታው ሥር ጠበብ ብሎ ተነሥቶ እየሰፋ በከተማዋ መሀል ያልፋል። ወረቀት የለውም። የማይካድ ነገር ምን ወረቀት ያስፈልገዋል?

የሻፋ ሰው ጠባይ ደግሞ ከእኔ ጋር የሚሄድ ነበር። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ከብትህ፣ ስለ ጎረቤትህ እየጠየቀህ ዓይንህ የት እንዳረፈ ይከታተላል። የጫማዬን ክር ለማሰር አንድ ሰው ደጅ ካጎነበስኩ ባለቤቱ ይወጣል። «ጋሼ፣ ምን ተገኘ?» ቦታ ሲሸጥም ሦስት ምስክር ይቆማል፣ ሦስተኛው ግን የግድ ከሻጩ ጋር የተጣላ ሰው መሆን አለበት። ወዳጅ ስለሚዋሽለት ነው። ካየሁት ሕግ ሁሉ ይህን የሚያህል ብልህ ሕግ አላየሁም።

በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ቤት ለሌላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ቦታ ይሰጥ ተባለ። ካርታው ላይ ዱቡሻው ባዶ ነው፣ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሸንሽን ተባልኩ። ወሩ ጥር ነበር፣ ሣሩ ደርቆ መሬቱ አቧራ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። አንዱ አጥሩን ወደ ሜዳው ገፍቶ ነበር፣ አንዱ ገበያ ቀን ዕቃ ይዘረጋበት ነበር። ጠርጥር ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር አልኩና ችካሌን ይዤ ከኮሚቴው ጋር ወጣሁ።

አዬ ባሎቴ ያን ቀን መጣች። አዬ በእኛ አገር እናት ማለት ነው፣ የእናት ዕድሜ ያላትን ሴት እንዲሁ እንጠራታለን። ቤቷ ዱቡሻው ጥግ ነበር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ተበታትነው ብቻዋን የምትኖር ሴት። ኮሚቴው ውስጥ ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ስለነበሩ በአማርኛ ልታስረዳ ሞከረች።

«እዚህ ቤት አትስሩ። ውሃ አለች።»

ሰብሳቢው አቧራውን በጫማው ጫፍ በተነው። «የት አለ ውሃው፣ እማማ?»

«አሁን የለችም። ትመጣለች።»

«መቼ?»

«እሷ ስትፈልግ። እኔ ሙሽራ ሆኜ አንዴ መጣች። ሁለተኛው ልጄን ጡት ሳስጥል መጣች። እዚህ፣ እዚህ ድረስ» አለች በእጇ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ እስከ ወፍጮ ቤቱ እያሳየች። «አባቶች መንገዱን ተዉላት።»

እኔ የማየው እጇን አልነበረም። ከኋላዋ አንዲት ቀይ ላም ታስራ ትግጣለች።

«ላሟ የማን ናት?» አልኳት።

«የኔ።»

«የት ነው የምትግጠው?»

«እዚህ» አለች፣ ሳትደብቅ።

ኮሚቴውን በዓይኔ ጠቀስኩ። ጋሽ ተክሌ የውሃውን ጥያቄ በመጨረሻ፣ ሰውዬው ሳያስበው ጠይቅ ነበር ያሉኝ፤ ይህች ሴት ሳትጠየቅ መለሰች። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ደግሞ እኔ ዘንድ ውሸታም ነው። ያን ቀን በኪሴ ቆሎ፣ በኮዳዬ ውሃ ነበረኝ፣ ዱቡሻውን ሦስት ጊዜ ግን አልዞርኩም። ሜዳ ነው፣ ምን ይዞራል ብዬ።

ልንሄድ ስንል በወላይትኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ያልኩትን ጻፈው» አለችኝ።

መዝገቤን ከፍቼ እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አንቀሳቀስኩ። ማንበብ አትችልም። እስክሪብቶው እስኪቆም ጠበቀች፣ ወረቀቱን ከወዲያ በኩል አየችውና «ተባረክ» ብላኝ ላሟን ልትፈታ ሄደች። ወረቀቱ ላይ የነበረው ሁለት የተጠማዘዘ መስመር ነው።

አሥራ አንድ ቦታ ሸነሸንኩ። መጀመሪያ አራቱ ሠሩ። ከሁሉ ቀድማ ቤቷን የጨረሰችው ሲስተር ወይንሸት ነበረች፣ ከአርሲ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ያላት። የቤት ምርቃት ጠርታኝ በሩ ላይ ቆሜ መረቅኩ፤ እንደ ልማዴ ምንም አልቀመስኩም። አንድ ክረምት አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። አዬ ባሎቴን መንገድ ላይ ሳገኛት «የት ቀረች ውሃሽ?» እያልኩ እቀልድባት ጀመር። እሷም ትስቃለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ፣ ገበያ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ነበር። ከተማው ላይ ጠብታ አልወረደም። ኮረብታው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የጭነት መኪና መሰለኝ። ወጥቼ ስሮጥ ዱቡሻው ጭቃ ተሞልቶ፣ የእንሰት ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ስፋቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ እስከ ወፍጮ ቤቱ ነው።

ሲስተር ወይንሸት ሥራ ላይ ነበረች፣ ሠራተኛዋ ልጁን አስተኝታ ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ወጥታለች። አዬ ባሎቴ ላሟን ልትፈታ ሮጣ ገመዱን ይዛዋለች። የልጁን ለቅሶ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ገመዱን ስትለቀው አየሁ። ውሃው ወገቧ ድረስ ነበር። በዚያ ዕድሜዋ ግድግዳውን እየያዘች ገባችና ልጁን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ሌሎች ሰዎች ገብተው እጇን ያዙ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር፤ ጫማዬ እንኳ አልረጠበም። ላሟ አንድ ጊዜ ጮኸች፣ ከዚያ አላየናትም። አራቱም ቤቶች ወደቁ።

ሰው አልሞተም። ይህን እየደጋገምኩ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ።

አዬ ባሎቴ እንደራሰች፣ ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና በሐዘን «ልጄ፣ ያን የጻፍከውን አላነበቡትም እንዴ?» አለችኝ።

«አላነበቡትም» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ውሸታሞች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ውሸት ግን ከማንም አፍ አልሰማሁም። አፍሬ መሬት መሬት ሳይ እሷ አጽናናችኝ። «አንተ ምን ታደርግ» አለች።

ለበላይ በጻፍኩት ሪፖርት «ከአቅም በላይ በሆነ ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ» የሚል አሰፈርኩ። ሁሉም ፈረመ። ሲስተር ወይንሸት ተዛውራ ሄደች። ቀሪዎቹ ቦታዎች ሳይሠሩ ቀሩ፣ ሣሩ ተመልሶ በቀለ። ለአዬ ባሎቴ አንዲት ጊደር ልገዛላት አስቤ ነበር። ሰው ምን ይጠረጥራል ብዬ ተውኩት። ስትሞት አስከሬኗን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፣ ልጆቿ ቤቱን ሲሸጡም የገዛሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደገዛሁት ባለቤቴ እስከዛሬ አልገባትም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። ደብዳቤው በመጣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስወጣ ዱቡሻው ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለዋል። ለካ ጽሑፉን የጠየቁኝ እዚህ የሚሠራው አዲስ ሠፈር ሲመረቅ እንዲነበብ ነው። ችካሎቹ መሀል አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ትሄዳለች። ምሕረት ትባላለች፣ ሶዶ ተምራ የወጣች ቀያሽ ናት። ሜትር የላትም፣ ሲባጎ የላትም፣ መሬቱን ከሰማይ ነው የምትለካው።

«እዚህ ቤት አይሠራም፣ ልጄ» አልኳት። «ውሃ ይመጣል።»

ደረቁን ሣር አየች። «ካርታው ክፍት ቦታ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ካርታውን አውቀዋለሁ። በየት እንደሚገባ ላሳይሽ፣ በየት እንደሚወጣም።» ሳልጠየቅ መመለሴ ትዝ አለኝ።

ምሕረት ወደ ኋላዬ ተመለከተች። «የታሰረችው ላም የማን ናት?» አለችኝ በትሕትና።

ከዚያ በፊት ያልታየኝ ያኔ ታየኝ። ቤቴ የአዬ ባሎቴ ቤት ነው፣ ላሜ የቆመችው የሷ ላም በቆመችበት ነው። ልስቅም ላለቅስም ደረስኩ።

«የኔ ናት» አልኳት።

«እሺ። መዝግቤዋለሁ፣ ጋሼ» አለች፣ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አንዴ አንሸራትታ።

«አሳዪኝ።»

«ምኑን?»

«የመዘገብሽውን።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ፎርሙ የምስክር ቃል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ቢሮ ስገባ...»

«አልመዘገብሽውማ። እኔም አልመዘገብኩትም» አልኳትና ሣሩ ላይ ተቀምጬ እስካሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ለማንም ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

«ፋይሉ ግን ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ ነው የሚለው» አለች በመጨረሻ።

«ፋይሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው።»

«ይሄን በጽሑፍ ከሰጡኝ እርስዎ ይጠየቃሉ እኮ። ጡረታዎንም...»

«ይጠይቁኛ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ።»

ታብሌቷን ቦርሳዋ ውስጥ እንድትከተው ነገርኳትና ዱቡሻውን ሦስት ጊዜ አዞርኳት፣ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ጭቃው የተወውን መስመር፣ የወፍጮ ቤቱን የተበላ ጥግ አየች። ፎቶ አነሣች። ከዚያ ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገንጥላ፣ የምስክር ቃል መቀበያውን ቅርጽ በእጇ አሰምራ ሰጠችኝ። «ይጻፉና ይፈርሙበት፣ አንስቼ ፋይሉ ላይ አያይዘዋለሁ» አለች። ሲያያዝም ስክሪኑን ወደኔ አዙራ አሳየችኝ፤ ካላሳየችኝ እንደማልለቃት ገብቷታል።

ችካሎቹ እስካሁን አልተነቀሉም፣ ቤትም አልተጀመረም። ውሳኔው ዞን ሄዷል ይላሉ፣ እኔ ግን በየማለዳው ወጥቼ እቆጥራቸዋለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የጠየቀኝን የከተማ ታሪክም ይኸው ጽፌዋለሁ፤ የሚፈልጉት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ወረቀቱ ላይ፣ የምስክር ስም በሚለው ፊት ባሎቴ ብዬ ጻፍኩ። ቃሏን እንደተናገረችው፣ «ውሃ አለች» ብዬ ጀምሬ፣ አንድ ሳላስቀር አሰፈርኩት። ቃሉን ያረጋገጠ በሚለው ቦታ የራሴን ስም አስገባሁ፤ በሻፋ ልማድ ወዳጅ አይታመንም፣ እኔ ደግሞ ያላመንኳት ሰው ነኝ። የመጨረሻው መስመር ምስክሯ ከቦታው የምታገኘውን ጥቅም ይጠይቃል። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጻፍኩ፤ ይህን ጊዜ በእውነት ጻፍኩ፦

«አንዲት ላም ነበረቻት። ውሃው ወሰዳት።»